መጀመሪያ አየሩን ግዙ

ልጆቼ፣ አሜሪካ ውስጥ የጠመንጃ ቀለም ቅብ ሙያ ልትይዙ ያሰባችሁ ሁሉ ቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ኤርብረሹ፣ ቀለሙን በአየር ስለሚረጨው ዕቃ፣ ነው። ምክሬ ግን ከአየሩ እንድትጀምሩ ነው። እርጥብና የሚዋዥቅ አየር የሚገባው ውድ ኤርብረሽ ሥራ ያበላሻል፤ ደረቅና የተረጋጋ አየር ያገኘ መካከለኛ ዕቃ ግን ያኮራችኋል።

ኮምፕሬሰራችሁ የአየር ማጠራቀሚያ ያለው ይሁን። የሌለው የፒስተኑን ምት እስከ መርጪያው ያደርሰዋል። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ ውኃ ይቋጥራልና በመስመሩ ላይ የውኃ ማጣሪያ አስገቡ፤ ማጠራቀሚያውንም ሥራ ባበቃ ቁጥር አራግፉት። አንዲት ጠብታ ብረቱ ላይ ካረፈች ቀለሙ ከዙሪያዋ ይሸሻል፤ ሲደርቅም ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ፍቃችሁ እንደገና መቀባት አለባችሁ። ግፊት የምታስተካክሉትም የመርጪያውን ቃታ ተጭናችሁ ነው። ቃታው ሳይነካ 30 ፒኤስአይ የሚያሳይ መለኪያ አየሩ መውጣት ሲጀምር ዝቅ ይላል፤ የምትሠሩበት ግፊት ይህ ዝቅ ያለው ነው።

ጸጥታ ለሚፈልግ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ደረቅ ጋዝ ይሰጣል። ግን ቆሞ ይታሰር፣ የግፊት መቆጣጠሪያም ይኑረው፤ ጋዙ በዝግ ክፍል ሰው ያፍናልና በር መስኮቱ ይከፈት። በጣሳ የሚሸጠውን የመርጪያ ጋዝ ተዉት፤ ሲረጭ እየቀዘቀዘ ግፊቱ ይወርዳል።

ወደ ኤርብረሹ ስትመጡ፣ 0.2 እና 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ለረቂቅ ሥራ ነው፤ ወፈር ላለው የጠመንጃ ቀለም 0.5 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለጀማሪ ፓሺ ኤች የሚባለው ኤርብረሽ ጥሩ ነው፤ ቃታው አየሩን ብቻ ይከፍታል፣ ቀለሙ የሚቀላቀለው ከውጭ ስለሆነ ማጽዳቱም ቀላል ነው። ሙሉ ጠመንጃ አንድ ወጥ ቀለም ለመቀባት ግን አነስተኛ ስፕሬይ ጋን ይሻላል፤ አየር አብዝቶ ስለሚፈልግ ኮምፕሬሰሩ እንደሚችለው አረጋግጡ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የጠመንጃውን ካዝና ንቀሉ፤ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። የበርሜሉን ውስጥና የጥይት መግቢያውን ድፈኑ። መለያ ቁጥሩ ከቅቡ በኋላም በግልጽ ይነበብ። ለገበያ የሚሠራ የፌዴራል ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ የሳንባችሁን ነገር ነው። ማጠንከሪያ የሚጨመርባቸው የዩሪቴን ቀለሞች አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለባቸው፤ አስም ያመጣል፣ አንዴ የተቆጣ ሳንባም ቀጥሎ በጥቂቱ ይነሳበታል። የአቧራ ጭንብል አይመክተውም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል፤ የሚተነፈሰውም አየር ከቀለም ኮምፕሬሰር የሚቀዳ አይደለም። ገንዘባችሁ ሁሉንም ካላዳረሰ ኤርብረሹን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ የምትተነፍሱትን አየር ግን አታቆዩ።