ልጄን ስጡኝ

ከባድ ዝናብ እየወረደ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ልጁን ሊወስድ በር ላይ ለቆመ አባት «አሁን አልሰጥህም» ማለት ይችላል? ጥያቄው ራሱ ያናድዳል። ልጁ የእሱ ነው። የተርም ክፍያውን የከፈለውም እሱ ነው። ግን እኮ ትምህርት ቤት ለአደገኛ ዝናብ ልዘጋጅ ባለ ቁጥር ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚህ በር ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የአደጋ ጊዜ ልምምዱን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥም አለሁ። (በጀግንነት አይደለም፤ ሌላ ሰው እጁን ስላላወጣ ነው።)

«ለዝናብ ደግሞ ምን ልምምድ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍም የመጣው በሐምሌ መጨረሻ፣ ያውም በሌሊት ነው። ጎርፍንና ክፍልን አያይዘን የማናስበው ለዚህ ይመስለኛል። የበልግ ዝናብ ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ከነነጎድጓዱና ከነበረዶው፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ነው የሚመጣብን። ሰኔ ፈተና አለ፤ መስከረም ምዝገባው ሳያልቅ ይዘንባል። ደግሞ ስንቱ የግል ትምህርት ቤት ነው ለትምህርት ቤትነት የተሠራ? ቪላ ተከራይቶ፣ ጓሮው ላይ በቆርቆሮ ክፍል ቀጥሎ፣ ዙሪያውን በግንብ አጥር ታጥሮ ነው የሚያስተምረው። ከዳገት የሚወርድ ውኃ መጥቶ የሚደገፈው ያንን ግንብ ነው።

ልጆቹ ቀድመው የሚያውቁት የእሳት ልምምድ ነው። ደወል ይጮሃል፣ ተሰልፈው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። መብረቅ ሲሆን ግን ሜዳ ጭራሽ የማይወጣበት ቦታ ነው። አንድ ደወል፣ ሁለት ተቃራኒ ትዕዛዝ። ስለዚህ ለመብረቅ ፊሽካ አደረግን፤ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ደወሉም ስለሚጠፋ ይሄ ጥሩ ነበር። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን እንኳን የአስተማሪ ድምፅ ፊሽካም አይሰማ። ወደ እጅ ምልክት ሄድን። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከአስተማሪዎቻቸው ቀድመው ያዙት።

ከሁሉም የወደዱት ቆጠራውን ነው። ብልጭታውን ካዩ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቆጥራሉ፤ 3 ሰከንድ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ቤት ውስጥ መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሙሉ አለመውጣት። ሕጉ ግልጽ ነው። የመውጫ ሰዓታችን ደግሞ ከቀኑ 9፡30 ነው። 9፡20 ላይ ቢያጉረመርምስ?

ያኔ በር ላይ ማን እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ይናወጣል፣ ሰው ከቢሮ ይወጣል፣ መንገዱ በመኪና ይሞላል። የሚፈስ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 30 ሴንቲ ሜትር እኮ ጉልበት እንኳን አይደርስም! በቪትዝ የሚመጣው አባት ግን የሚያየው ውኃውን ሳይሆን ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ልጁን ነው። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ልጁን አደጋ ላይ የሚጥለው ያ ፍቅር ሊሆን መቻሉ ነው የሚከብደው።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» መጀመሪያ ላይ ሶቅራጥስን እንዲህ ያስጠይቀዋል፤ ወዳጅህ በጤናው ሳለ መሣሪያውን አደራ ሰጥቶህ፣ ኋላ አብዶ መጥቶ መልስልኝ ቢልህ መመለስ ፍትሕ ነው? አይደለም፣ ይባላል። ኮሚቴያችን ውስጥ ይህን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ወዲያው ግን አልጥም አለኝ። የደነገጠ አባት እብድ አይደለም፣ ልጅም መሣሪያ አይደለም። አንድን ወላጅ «አሁን በአእምሮህ አይደለህም፣ እኛ እናውቅልሃለን» ማለት ንቀት ነው፤ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በሌላ ነገርም «እኛ እናውቃለን» ማለት ይወዳሉ። ከታሪኩ የተረፈኝ አንድ ነገር ነው፤ ወዳጅየው በጤናው ሳለ ስለዚህ ቀን ማንም አልጠየቀውም። እኛ መጠየቅ እንችላለን። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ምዝገባ ላይ፣ ፊት ለፊት። «ጎርፍ ወይም መብረቅ ካለ ልጅዎን እስኪያልፍ አንለቅም። ይስማማሉ?» አልስማማም የሚል ልጁን ሌላ ቦታ ማስመዝገብ ይችላል። ደንበኛ ላለማጣት ጥያቄውን የሚሸሽ ትምህርት ቤት ግን በዚያ ቀን እምቢ የማለት መብት ያለው አይመስለኝም።

ደግሞስ እምቢ የሚለው ማነው? ዳይሬክተሯ አይደለችም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃው ነው፤ ከሁላችን ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ዩኒፎርሙ የሰፋው፣ ወላጆች ሲያልፉ «እንዴት አደርክ» ብለውት የሚያልፉት ሰውዬ። ቪ8 ያቆመ ባለሥልጣን ፊት ቆሞ «አይቻልም ጌታዬ» እንዲል እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ልምምድ ወረቀት ላይ ስሙ የለም ነበር፤ የጽዳት ሠራተኞችና የኬጂ ሞግዚቶችም የሉም። አሁን ከጎኑ አንድ አስተማሪ እንዲቆም ተወስኗል፤ የሚናገረው እሱ ሳይሆን አስተማሪው ነው። ስድብ ቢመጣም ለደመወዛችን የሚመጥን ድርሻ እንውሰድ ብዬ ተከራክሬያለሁ።

ማቆየት ሁሌ ያድናል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2007 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ኢንተርፕራይዝ የምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷን አውሎ ነፋስ መታው። ተማሪዎቹ በተለማመዱት መሠረት ኮሪደር ውስጥ ተጠልለው ነበር። 8ቱ ሞቱ። ለምን ቀድመው አልለቀቋቸውም የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ኖሮስ የሚልም ነበር። ወላጅን «ፈርም» ስንል ይህንን ደብቀን ከሆነ ፊርማው ዋጋ የለውም።

ወላጆችን በጠራንበት ልምምድ ቀን አንዲት እናት እጇን አውጥታ፣ «እኔ እኮ የምመጣው ልወስደው አይደለም፤ ቢሮ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስለማልችል ነው» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣው፤ ልጁን አናስወጣም፣ ወላጁ ግን ይግባ። በእግሩ ይግባና ከልጁ ጋር ይቀመጥ። ወንበር አይበቃም፣ ሹፌር የሚልክ ወላጅም አለ፣ መታወቂያ ማየት ያስፈልጋል፤ ገና ያላለቀ ጣጣ ነው። ቢሆንም «አልሰጥህም» ከማለት «ግባ» ማለት ለጥበቃውም ይቀለዋል።

አሁን ያጣበቀን ሌላ ነው። የሦስተኛ ክፍሏ አስተማሪ ልጇን የምታስተምረው ወንዙን ተሻግሮ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ የእኛን ክፍያ አትችለውም። ዕቅዱ ደግሞ ዝናቡ እስኪያልፍ አንድም አስተማሪ ከክፍሉ እንዳይወጣ ይላል። ባለፈው ስብሰባ «የእኔን ልጅ ማን ያቆየዋል?» ብላ ጠየቀች። ቃለ ጉባኤው ላይ ጥያቄዋ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው።