ለበረዶ ፍትሐት ይደረጋልን?

በስዊስ አገር የሚኖር አንድ የንስሐ ልጄ ባለፈው የጾም ወራት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቃሉም እንዲህ የሚል ነበረ፤ «አባቴ ሆይ፥ በምኖርበት አገር በተራራ ላይ የነበረ የበረዶ ግግር ቀልጦ አለቀ ተብሎ ሰዎች ጥቍር ልብስ ለብሰው፥ ካህንም ይዘው ወጥተው አልቅሰውለት ነበር። አሁንም የሥራ ባልደረቦቼ ያንን ስፍራ ለመሳለም ሲወጡ አብረህ ና ብለውኛል። ልሂድን ወይስ ልቅር? ነፍስ ለሌለው ነገርስ ፍትሐት ይደረጋልን?»

በመጀመሪያ ሳነበው ፈገግ አልሁ። ለሰው የሚገባውን ለድንጋይና ለውኃ መስጠት የዘመኑ ሰዎች ጨዋታ መስሎኝ ነበርና። ሁለተኛ ባነበብሁት ጊዜ ግን ነገሩ በፈገግታ የሚታለፍ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ መልሱን ለእርሱ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ለአንባብያን ሁሉ ማቅረብ የተሻለ ሆኖ ታየኝ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሆነውን ነገር እንናገር። አይስላንድ በምትባለው በሰሜን ባሕር ባለች ደሴት ኦክ የተባለ ተራራ አለ። በራሱ ላይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተጋገረ በረዶ ስለ ነበረበት የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው ኦክዮኩል፥ ማለት የኦክ በረዶ እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1901 በተሠራው ካርታ ስፋቱ 38 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተገምቶ ነበር፤ በ1978 ከአየር ላይ በተነሣው ፎቶግራፍ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2014 ኦዱር ሲጉርድሶን የተባሉ የበረዶ ተመራማሪ ወጥተው ከመረመሩ በኋላ፥ ይህ ከእንግዲህ ወዲህ የበረዶ ግግር ሊባል አይገባውም ሲሉ አስታወቁ። በ2019 በኦገስት 18 ቀን የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ካትሪን ያኮብስዶቲር ባሉበት 100 ያህል ሰዎች ወደ ተራራው ወጥተው የመታሰቢያ ሰሌዳ ተከሉ። የሰሌዳውን ጽሑፍ ያዘጋጀው አንድሪ ስናይር ማግናሶን የተባለው ደራሲ ሲሆን፥ የተጻፈውም ገና ላልተወለዱ ሰዎች ነው። የዛሬው ትውልድ ጥፋቱንም መድኃኒቱንም እንደሚያውቅ ይመሰክርና፥ ባወቀው መሠረት ሠርቶ እንደ ሆነ ፍርዱን ከኋላ ለሚመጡት ይተዋል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 22 ቀን ደግሞ በስዊስ አገር በፒትሶል ተራራ፥ ከ1893 ጀምሮ ሲለካ ለኖረው በረዶ እንዲሁ ያለ ሥርዓት ተደረገ። የንስሐ ልጄ የጻፈልኝ ስለዚህኛው ነው።

እኛ በአገራችን የምናውቀው በረዶ ከዝናም ጋራ ወርዶ ወዲያው የሚቀልጠውን፥ ወይም በስሜን ተራራ አልፎ አልፎ የሚታየውን ነው። የበረዶ ግግር የሚባለው ግን ሌላ ነው። በብርድ አገር የወረደው አመዳይ በሙቀት ወራት ሳይቀልጥ ሲቀር፥ የሚመጣው ዓመት አመዳይ በላዩ ይጫነዋል፤ የሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ። በዘመን ብዛት የላይኛው ታችኛውን እየተጫነ ጽኑ በረዶ ያደርገዋል። ውፍረቱ 40 ወይም 50 ሜትር ያህል በደረሰ ጊዜ በገዛ ክብደቱ ተገፍቶ፥ ዓይን ሊያየው በማይችል ዝግታ እንደ ወንዝ ቍልቍል ይፈሳል። እንግዲህ ተመራማሪዎቹ ይህ በረዶ ሞተ የሚሉት ጨርሶ በቀለጠ ጊዜ አይደለም፤ ከመሳሳቱ የተነሣ መንቀሳቀስ ባቆመ ጊዜ ነው። በቦታው ላይ ገና ብዙ በረዶ ተኝቶ ሊታይ ይችላል፤ ግን አይሄድም፤ ስለማይሄድም ሙት ይባላል። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አመዳዩ ወደ በረዶ ሲለወጥ በመካከሉ የነበረው አየር በጥቃቅን አረፋዎች ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በደቡብ ዋልታ በአንታርክቲካ በረዶውን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ሰርስረው፥ የጥንቱን አየር እንደ ተጠቀለለ ብራና እየገለጡ አነበቡት። በ2008 የታተመው ምርመራቸው እንደ እነርሱ አቈጣጠር እስከ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይደርሳል። ይህ ቍጥር ከባሕረ ሐሳባችን ጋራ እንዴት እንደሚነጻጸር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ስለ ሆነ ዛሬ አንገባበትም፤ ለተነሣንበት ነገር የሚበቃን ግን አንድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው፥ የምድርን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ የሚይዘው አየር፥ በዚያ ሁሉ ዘመን ከ1,000,000 እጅ 300 እጅ ያህል አልፎ አልተገኘም። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት 280 ያህል ነበረ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ይህም ሰው ከሰል፥ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ በማቃጠሉ፥ ደንም በመመንጠሩ የመጣ ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በሳይቤርያ፥ በአላስካና በካናዳ ዓመት እስከ ዓመት እንደ በረዶ ጠንክሮ የሚኖር ሰፊ መሬት አለ። በውስጡም ሳይበሰብስ የቈየ የዕፀዋትና የእንስሳት ቅሪት ተቀብሯል፤ በዚያ የተከማቸው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል፥ በአየር ላይ ካለው እጥፍ የሚጠጋ ነው። መሬቱ በቀለጠ ጊዜ ያ ሁሉ መበስበስ ይጀምራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን የተባለውንም አየር ይተፋል፤ ይህም ሙቀቱን ይጨምራል፥ ሙቀቱም መልሶ ሌላውን መሬት ያቀልጣል። ኃጢአት ኃጢአትን እንዴት እንደሚወልድ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በፍጥረት ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ለበረዶ ፍትሐት ይደረጋልን? አይደረግም። ፍትሐት ማለት መፍታት ነው፤ የሚፈታውም የታሰረ ነው፤ የሚያስረውም ኃጢአት ነው። በረዶው ግን ያፈረሰው ትእዛዝ የለም። ፈጣሪው በሠራለት ሕግ ጸንቶ በብርድ ረጋ፥ በሙቀት ፈሰሰ፤ በሁለቱም ታዛዥ ሆነ። የታሰረ ሳይኖር ማንን እንፈታለን? የታሰረስ ካለ፥ በተራራው ላይ የተኛው ሳይሆን በዙሪያው የቆመው ነው።

ነገር ግን ፍትሐት አይገባውም ማለት ክብር የለውም ማለት አይደለም። ጻድቁ ኢዮብ ስለ አመዳይ መዛግብት በተጠየቀ ጊዜ መልስ አላገኘም፤ መጽሐፈ ሄኖክም ለአመዳይና ለበረድ የተሾሙ መላእክት እንዳሉ ይናገራል። ከሁሉ በላይ ግን ሠለስቱ ደቂቅ አሉ። እነዚህ ብላቴኖች ሰባት እጥፍ በነደደ እቶን ውስጥ ቆመው ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ፥ ብርድንና ውርጭን፥ በረዶንና አመዳይን በየስማቸው ጠርተዋል። በእሳት መካከል ሆነው በረዶን አልረሱትም። እኔ ይህን ጸሎት ከልጅነቴ ጀምሮ ከዳዊቱ ጋራ ስደግመው ኖሬአለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገርና፥ የንስሐ ልጄ ደብዳቤ እስኪደርሰኝ ድረስ ስማቸውን በአፌ ስጠራ ምን እንደምጠራ አስቤ አላውቅም ነበር። የማያስብ አንደበት ይዤ አመስጋኞቹን ስቈጥር ኖሬአለሁ ማለት ነው። በረዶው ቢቀልጥ ውኃ ሆኖ ማመስገኑን አይተውም፤ ማኅበሩን ያጐደለው፥ አንዱን አመስጋኝ ከቦታው ያስለቀቀው እጅ ግን የሰው እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ሰሌዳው ወደ ተናገረው እንምጣ። አውቀናል ማለት መልካም ነው፤ ብዙዎች ይህን እንኳ ለማለት አይደፍሩምና የእነዚያን ሰዎች ቅንነት አናቃልልም። ዳሩ ግን በእኛ ሥርዓት ንስሐ በማወቅና በመናዘዝ አይፈጸምም። ከኀዘንና ከኑዛዜ ቀጥሎ ክፉውን መተው አለ፤ ቀኖናውን መፈጸም አለ፤ የበደሉትንም መካስ አለ። አንድ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ፥ ኃጢአቴን ዐውቄአለሁ፥ መተዌንና አለመተዌን ግን የልጅ ልጆቼ ያዩታል ቢለው፥ የትኛው ካህን እግዚአብሔር ይፍታህ ሊለው ይችላል? ያልተወለዱት ዛሬ አይሰሙንም፤ ሊገሥጹንም ሊፈቱንም አይችሉም። ዛሬ የሚሰማን እግዚአብሔር ነው፤ እርሱም ፍርዱን ለትውልድ ትቶ ዝም የሚል አይደለም። የተንቀሳቃሹን በረዶ ነገር በልባችሁ አኑሩ ያልሁት ስለዚህ ነው። በረዶ መሄድ ሲያቆም ሙት እንደሚባል፥ እምነትም ያለ ሥራ የሞተ መሆኑን ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሮናል። እውቀትም እንዲሁ ነው። ተከማችቶ፥ ተለክቶ፥ በሰሌዳ ተጽፎ የማይንቀሳቀስ እውቀት በተራራ ራስ ላይ የተኛ ሙት በረዶ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሡ ይሆናል። የመጀመሪያው፥ እግዚአብሔር ምድርን ዳግመኛ በጥፋት ውኃ እንዳያጠፋ ለኖኅ ቃል ኪዳን ሰጥቶ ሳለ ስለ በረዶ መቅለጥ መጨነቅ ኪዳኑን መጠራጠር አይሆንምን የሚል ነው። አይሆንም። ኪዳኑ እግዚአብሔር የማያደርገውን ይነግረናል እንጂ ለሰው የፈለገውን እንዲያደርግ ፈቃድ አይሰጠውም። አባቱ ከቶ አልጥልህም ያለው ልጅ የአባቱን ቤት ያቃጥል ዘንድ ተፈቀደለት የሚል ማን ነው?

ሁለተኛው የሚከብድ ነው። ጢሱ የእኛ አይደለም፤ ስለ ምን የሌላውን ንስሐ በእኛ ላይ ትጭናለህ የሚል ነው። ነገሩ እውነት አለበት። ከዓለሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጢስ የመላው አፍሪካ ድርሻ ከ100 እጅ 4 እጅ ያህል ነው፤ ነገር ግን የኪሊማንጃሮ ተራራ በረዶ ከ1912 እስከ 2000 ድረስ ከ100 እጅ 80 እጅ ያህሉ አልቋል። ከሂማላያ በረዶ በሚመነጩት ወንዞችም ከ1 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ይጠቀማል፤ ከእነርሱ የሚበዙት ድኆች ናቸው። ስለዚህ ያተረፈው እንዲክስ መጠየቅ ፍትሕ ነው እንጂ ልመና አይደለም። ዘኬዎስ በንስሐው ቀን የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ጌታችን ይብቃህ፥ ማወቅህ ይበቃል አላለውም። ይሁን እንጂ የሌላው ዕዳ መብዛት የእኛን ዕዳ አይፍቅም። ጢሱ የእኛ ባይሆን ምሣሩ የእኛ ነው። በየገጠሩ ደን ተከቦ የምናየው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ፥ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ምድር ግን የተራቈተ መሆኑን ለማን እናመካኛለን? አዳም በተጠየቀ ጊዜ ጣቱን ወደ ሌላ መቀሰሩ ከገነት መውጣቱን አላስቀረለትም።

እውቀት ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚያደርግም በዚያው በስዊስ አገር ታይቷል። ከብላተን መንደር በላይ ያለው ተራራ እየፈረሰ ድንጋዩ በበረዶው ግግር ላይ ሲከመር የሚከታተሉት ሰዎች አይተው ለኩ፤ ለክተውም ዝም አላሉም። በ2025 በሜይ ወር 300 ያህሉ የመንደሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው እንዲወጡ ታዘዙ። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ በ28ኛው ቀን፥ በረዶውና ድንጋዩ ባንድነት ተንዶ መንደሩን ከጥቂቱ በቀር ቀበረው። የአንድ ሰው ሕይወት አልፏል፤ የቀሩት ግን ድነዋል። እነዚያ ሰዎች አውቀናል ብለው ሰሌዳ አልተከሉም፤ የመንደሩን በር አንኳኩ። የሰማውም ቤቱ፥ ከብቱና የአባቶቹ ርስት እያሳዘነው ተነሥቶ ወጣ። ሎጥም የዳነው እንዲሁ ነበረ፤ ሚስቱ የቀረችውም ከማወቅ ጐድላ አይደለም።

እንግዲህ ለንስሐ ልጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ሂድ፤ ከሚያዝኑት ጋራ ማዘን አይከለከልም። ፍትሐት ግን አታድርስ፤ በዚያ ቆመህ የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት ድገም፤ በረዶና አመዳይ ከሚባለው ላይ ስትደርስም ዓይንህን ወደ ባዶው ድንጋይ አንሥተህ የጐደለውን ቦታ ተመልከት። ካለቀስህም ስለ በረዶው ሳይሆን ስለ ራስህና ስለ እኔ አልቅስ። ከተራራው ከወረድህ በኋላ ግን ሳታደርገው የቈየኸውን፥ መደረግ እንዳለበት የምታውቀውን አንድ ነገር በዚያው ሳምንት ጀምር፤ ቀኖናህ ይኸው ነው።

ለእኛ ለካህናትም የሚቀርልን አለ። በቅዳሴያችን ስለ ዝናማት፥ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን፤ ሕዝቡም አቤቱ ይቅር በለን እያለ ይመልሳል። ይህን ስንጸልይ ይቅርታ የምንለምነው ስለ ምን በደል እንደ ሆነ ለሕዝቡ እንንገረው፤ ራሳችንም ከቅጥሩ ውጭ ባለው በተራቈተው መሬት ላይ የመጀመሪያውን ችግኝ እንትከል። ያወቅነውን እንድንሠራ ቸሩ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።