የምስክርነት ዋጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



«ሰማዕት» የሚለው የግእዝ ቃል ትርጉሙ ምስክር ማለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን በዚህ ስም ስንጠራ፣ ለእውነት መመስከር ዋጋ እንደሚያስከፍል አብረን እንናገራለን። ዛሬ ግን ላስታውሳችሁ የምወደው በዚህችው በደብረ ማርቆስ ስለ ተፈጸመ ግፍ የመሰከሩትን ነው።

በቀይ ሽብር ዘመን በጎጃም ብዙ ሰዎች ታስረው ተሠቃይተዋል። በ1970 ዓ.ም. ክረምት 75 ወጣት እስረኞች እዚሁ ከተማ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ኋላ ኔዘርላንድ ገብቶ የዚያ አገር ዜጋ ሆነ። ከ39 ዓመት በኋላ ግን ከሞት የተረፉት ቆመው መሰከሩ። እርሱ ክሱን ቢክድም የሄግ ፍርድ ቤት ሰነዶችንና ምስክሮችን መርምሮ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። ይግባኝ ሰሚውም ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅጣቱን አጸና።

ምስክሩ ይህን ፍርድ በነጻ አላገኘውም። የዳነ ቁስሉን በገዛ እጁ ይከፍታል። ቀን ቢሳሳት «ውሸታም» እንዳይባል ይሠጋል፤ ለዘመዶቹም ይፈራል። ዳኛ መላልሶ ቢጠይቀው ግን ንቀት አይደለም። ነቢዩ ዳንኤልም በሶስና ላይ የመሰከሩትን ሁለት ሽማግሎች ለየብቻ የጠየቃቸው ንጹሕ ሰው በሐሰት እንዳይጠፋ ነው። እኛ ግን ዳኞች አይደለንም።

ይህን የምለው ከጥፋቴ ተምሬ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቂት ልጆች ሆነን በዚያ ዘመን የታሰሩ አንድ አባት ታሪካቸውን እንዲነግሩን አጥብቀን ለመንናቸው። በመካከል ከእኛ አንዱ «ታዲያ እርስዎ እንዴት ተረፉ?» አላቸው። ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ያን ሌሊት ሲባንኑ ማደራቸውን ባለቤታቸው ነገሩን። ጠያቂው እኔ ነበርሁ።

ይቅርታ ልለምን ስሄድ፣ «ልጄ፣ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው» አሉኝ። ከወራት በኋላ ራሳቸው አስጠርተውኝ የጓደኞቻቸውን ስም አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። እኔም ምንም ሳልጠይቅ ሰማሁ። ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ከእኔ ጋር አይቀበሩም» አሉ። የምስክርነት ደመወዙ ይህ መሰለኝ። የሞተውን አያስነሣም፤ በቀልም አይደለም። ብቻውን የተሸከመውን ሸክም ግን ሌላ ሰው ያግዘዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የተጎዳውን ሰው «ተናገር» ብለን አናስገድደው፤ ዝምታውም ከፍርሃት አይቆጠርበት። ሊናገር ሲወድ አናቋርጠው፤ የነገረንንም ያለ ፈቃዱ አደባባይ አናውጣው። ተናግሮ ሲያበቃ ብቻውን ወደ ቤቱ አንስደደው፤ በማግሥቱም እንጠይቀው። የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ እግዚአብሔር ሰምቷል። እኛም በሕይወት ያሉትን ለመስማት አንሰልች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።