ሶሪትና ያልታሰበ በጎነት

በኢትዮጵያ ደጋ፣ ጽድና ዝግባ ወይራም በሚበቅሉባቸው የአብያተ ክርስቲያናት አጸዶች ሶሪት የምትባል ወፍ ትኖራለች። አካሏ አረንጓዴ፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጅራቷ ረጅም ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል ከቅጠሉ ጋር ትመሳሰላለችና ዐይን በቀላሉ አይለያትም፤ ስትበር ግን በክንፏ ተሰውሮ የነበረው ደማቅ ቀይ ይገለጣል። ለቅኔ ተማሪ ይህ የሰምና ወርቅ ነገር ነው። ቀለሙም እንደ ሌሎች አእዋፍ ቀይ ያለ አይደለም፤ መዳብ ያለበት ነው። ይህንም እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አርተር ቸርች እ.ኤ.አ. በ1869 ጽፎታል። መዳቡን የምታገኘው ከምትበላው ነው።

ምግቧም በአብዛኛው ፍሬ ነው፤ የጽድ፣ የዝግባ፣ የሾላ ፍሬ። ለስላሳውን ትመገባለች፣ ዘሩን ግን ብዙ ጊዜ ከበላችበት ርቃ ትጥለዋለች። ስለዚህ ምእመናን ከፀሐይ የሚጠለሉበት ዛፍ ሰው ያልተከለው፣ ወፍ የዘራው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሶሪት በጎ አድርጋለችን? ተርባ በላች እንጂ ደን ልትተክል አላሰበችም። ፈቃድ በሌለበት ጽድቅም ኃጢአትም የለም የሚል ሰው እውነት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ክርስቲያን ለንስሓ ሲቀርብ በማወቅ ብቻ ሳይሆን ባለማወቅ ስለ በደለውም ይቅርታ ይለምናል፤ ባለማወቅ ስላደረገው በጎ ግን ዋጋ ሲጠይቅ አይሰማም። ሚዛኑ ስለ ምን ወደ አንድ ወገን አዘነበለ?

ሰው ዞሮ ማየት የሚችል ፍጥረት ስለሆነ ነው። ሶሪት ዘሩ የወደቀበትን ተመልሳ አትመረምርም፤ ፍየሎቹን ወደ አጸዱ የለቀቀ እረኛ ግን ቡቃያው ምን እንደ ሆነ ማየት ይችላል። ካለማወቁ ከፊሉ ለማወቅ አለመፈለግ ነው። በበጎው በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ ያላሰበውን በጎነት ዞሮ የሚቆጥር ሰው የእርሱ ያልሆነውን ለራሱ ይወስዳል። አንዲት እናት ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅማ ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ስትመለስ፣ እርሷን አይታ ጎረቤቷ መጾም እንደ ጀመረች ሳታውቅ ትኖር ይሆናል። ባታውቀው ምን ይጎድልባታል?

ሆኖም የወፏ ሥራ ብቻውን ደን አያቆምም። በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ በአጸዱ ዙሪያ ካብ ክበዋል፤ በዚያውም እርሻቸው ከድንጋይ ጠርቷል። ካብ በሌለበት የበቀለውን ቡቃያ ከብት ይግጠዋል፣ ይረግጠዋልም። ሶሪት ግን ካቡን አታውቀውም፤ የበላችውን ዘር ከወዲህም ከወዲያም ትጥላለች።