ለማናውቀው መንገደኛ የተተከለ ጥላ

በመንገድ ዳር ዛፍ የሚተክል ሰው ለማን ብሎ ነው የሚተክለው? በጓሮው የተከለ ፍሬውን ይለቅማል፤ በማሳው ዳር የተከለ እንጨቱን ይሸጣል። በአውራ ጎዳና ዳር የተከለ ግን ጥላውን የሚሰጠው ስሙን ለማይጠይቅ፣ ምስጋናም ለማያደርስ አላፊ መንገደኛ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ቸርነት ነውን ወይስ ግዴታ? ተካዩ ከዚህ ዓለም ካለፈ በኋላስ ስለ ዛፉ የመወሰን መብት የማን ነው?

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ሕንድን የገዛው ንጉሥ አሶካ፣ ለሰውና ለእንስሳ ጥላ ይሆኑ ዘንድ በመንገዶች ዳር የባንያን ዛፎች ማስተከሉን፣ የውኃ ጉድጓዶችም ማስቆፈሩን በድንጋይ ዓምድ ላይ አስቀርጾአል። በዚያው ጽሑፍ ግን ሥራውን እንደ ትንሽ ነገር ይቆጥረዋል፤ ከእርሱ አስቀድሞ የነበሩ ነገሥታትም ለሕዝባቸው እንዲህ ያለ ምቾት ሰጥተዋልና። ግምጃ ቤትና ሠራተኛ ያለው ንጉሥ ይህን ትንሽ ነው ቢለው አያስደንቅም።

በዚያው አገር በካርናታካ ግዛት የኖሩት ሳሉማራዳ ቲማካ ግን ግምጃ ቤት አልነበራቸውም። ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ በድንጋይ ካባ የቀን ሥራ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ይህም በገጠር ኅብረተሰብ ዘንድ ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከባለቤታቸው ከቺካያ ጋር ሆነው ከመንደራቸው ከሁሊካል ወደ ኩዱር በሚወስደው መንገድ ዳር የባንያን ችግኝ መትከል ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት 10፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 20። ባንያን ከእኛ ዋርካ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው። መትከሉ እንኳ ቀላሉ ነበር። ባልና ሚስቱ ውኃ በባልዲ ተሸክመው 4 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ያጠጡ ነበር፤ ከብት እንዳይበላቸውም እያንዳንዱን ችግኝ በእሾህ ያጥሩ ነበር። ባለቤታቸው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሲያርፉ ቲማካ ብቻቸውን ቀሩ። በተርታ የቆሙት ባንያኖች 385 ናቸው፤ «ሳሉማራዳ» የሚለው ቅጽልም በአካባቢው ቋንቋ የዛፎችን ተርታ የሚያመለክት ነው።

የዚህ ዐይነት ዛፍ ጥቅም በዓመትና በሁለት ዓመት አይታይም። ባንያን ከቅርንጫፎቹ ወደ ታች ሥር ይሰድዳል፤ ሥሩም መሬት ሲነካ እንደ ምሰሶ ሆኖ ይወፍራል፤ ዛፉም በዚህ ኃይል እየሰፋ ይሄዳል። ትልቅ ዛፍ በብዙ ሺህ ቅጠሎቹ አቧራ ይይዛል፤ በቅጠሎቹ በሚያስወጣው እርጥበት አየሩን ያቀዘቅዛል፤ ሥሩ የመንገዱን ዳር ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ፍሬው ወፎችንና የሌሊት ወፎችን ይመግባል። አስፋልቱ እንኳ በጥላ ሥር ከፀሐይ ቃጠሎ ስለሚድን ቶሎ አይሰነጠቅም። አየርን ከሚበክለው ካርቦንም በየዓመቱ የበለጠውን የሚያከማቸው ግንዱ የሰፋው ዛፍ እንጂ ለጋው ችግኝ አይደለም።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) ይህን መንገድ ለማስፋት ዕቅድ ስለ ወጣ ዛፎቹ ለመቆረጥ ተቃርበው ነበር። ቲማካ ለግዛቱ ዋና ሚኒስትር አቤት አሉ፤ መንግሥትም ሌላ አማራጭ እንደሚፈልግ ገለጸ።

ሐቀኛ ለመሆን፣ መንገድ ማስፋት በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም። ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው፣ የገበሬው ምርት ወደ ገበያ የሚወጣው በመንገድ ነው። በፈረንሳይም ከመንገድ ዳር ዛፍ ጋር እየተጋጩ ብዙ ሰዎች ስለ ሞቱ አያሌ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ ኋላ ግን በ2016 የወጣ ሕግ በተርታ የተተከሉትን ዛፎች ከለላ ሰጣቸው፤ የታመሙትን ወይም ለአደጋ የሚያሰጉትን መቁረጥ ግን አልከለከለም። የሰው ሕይወት ከዛፍ እንደሚበልጥ የሚጠራጠር የለም።

ሆኖም «ለአንድ ዛፍ ዐሥር ችግኝ እንተክላለን» የሚለው መልስ አያረካም። ቁጥሩ ይበልጣል፤ ዕድሜው ግን ከቁጥሩ ውስጥ የለም። ዐሥሩ ችግኞች በሙሉ ቢጸድቁ እንኳ (እንደማይጸድቁ ደግሞ የተከለ ሁሉ ያውቃል) ለብዙ ዓመታት አንዲት አህያ የሚያስጠልል ጥላ አይኖራቸውም። በነዚያ ዓመታት የሚጎዳው ማን ነው? በሰፋው መንገድ በፍጥነት የሚያልፈው ባለ መኪና ሳይሆን ሸክም ይዞ በእግሩ የሚሄደው ነው። ጥቅሙ ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው ሲደርስ ጉዳዩ የዛፍ ብቻ መሆኑ ይቀርና የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው በትውልዶች መካከል ስለሚኖረው ፍትሕ ያነሡትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት፣ ቲማካ ሲተክሉ ቸርነት አደረጉ፤ ማንም አላስገደዳቸውምና። በጥላው ያረፈው ሕዝብ ግን ስጦታውን ከተቀበለ ወዲህ ባለ ዕዳ ሆኗል። መንገዱን የሚቀይሰው መሐንዲስም መጥረቢያ ከማስነሣቱ በፊት መንገዱን ወደ አንድ ወገን ማስፋት ይቻል እንደ ሆነ የመመርመር ግዴታ አለበት። ቲማካ በኅዳር 2025 (እ.ኤ.አ.) አርፈዋል፤ ዕዳው ግን አብሯቸው አልተቀበረም።

በአገራችንም በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ ደግ ነው። ለመትከል የሚወጣ ሰበካ ከጥቅምት ጀምሮ እስከሚቀጥለው ክረምት ውኃ የሚያደርሱትን ሰዎች ስም አስቀድሞ ቢጽፍ፣ ፍየልና በግ በሚያልፍበት ስፍራም እሾህ ቢያጥር መልካም ነው።