የማይታየው ወሰን

ድንበር ገፊ በአገራችን ምን ያህል የተነወረ እንደሆነ ለማንም የሚነገር አይደለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ገበሬው ብዙ በደል ይችላል፤ በሌሊት የወሰን ድንጋይ ያንከባለለበትን ጎረቤት ግን በቀላሉ አይረሳም። ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ አይደለምና፤ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ቃል ነው። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ስንዝር የምታክል መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ዕለት ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት አስጠንቅቀዋል። ነገር ግን ወሰን ሁሉ በድንጋይ የሚታይ ነውን? ባለቤቱ በባሕር ማዶ የሚኖር፣ ተላላፊውንም ማንም የማያይበት ወሰን ወሰን አይባልምን?

ውድ አንባቢያን፣ ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከተው። በደባርቅ ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት ሙስሊም ቀያሽ እናስብ። የተሸከመው አማና ከባድ ነው። በአማራ ክልል የገጠር ይዞታ ደብተር መሰጠት በጀመረበት በ1990ዎቹ አጋማሽ መሬቱ በአብዛኛው በገመድ እየተለካ ይመዘገብ ነበር። ኋላ ግን ማሳው በካርታ ላይ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ለከተማውም የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጣለት። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸውም ይታወሳል። የአያት የቅድመ አያቱን ቀዬ ለቆ በከተማ ጎጆ ለሚቀልስ አባወራ በካርታ ላይ ያለች አንዲት መስመር ምን ማለት እንደሆነች ማስረዳት አያሻም።

ቀያሹ የየቤቱን ወሰን ከመለካቱ በፊት በየኮረብታውና በየአደባባዩ የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን ይተክላል። በመካከላቸው ያለውን ርቀትና ማዕዘን በቶታል ስቴሽን ወይም በጂፒኤስ ይለካል። ሆኖም ስህተት የሌለበት ልኬት የለም። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው፤ በመሣሪያ ሲለካ ግን የዲግሪ ሽርፍራፊ ይጎድላል ወይም ይተርፋል። ስለዚህ ጥሩ ቀያሽ ከሚያስፈልገው በላይ ይለካል። ትርፉ ልኬት በሌላው ላይ የሚቆም ምስክር ነው። ይህ የቆየ ጥበብ ነው፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በኸሊፋ አል-መእሙን ትእዛዝ ሊቃውንት በሲንጃር ሜዳ የምድርን አንድ ዲግሪ ርዝመት ሲለኩ አንዱ ቡድን ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ሄዶ ውጤቱን አስተያይተዋል። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ልኬቶቹን ሁሉ በአንድነት ወስዶ፣ የእርማቶቹ ካሬ ድምር ከሁሉ ያነሰ እንዲሆን አድርጎ ያስታርቃቸዋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህን የሚያሰላው ሶፍትዌር ውድ ነው። አንዳንድ ሻጮች ገዢው እንዲሞክረው ብለው በነፃ ይሰጡታል፤ ነገር ግን ወይ ከተወሰነ ነጥብ በላይ አይቀበልም፣ ወይ ከተወሰነ ቀን በኋላ ይቆማል። እንበልና ገደቡ 10 ነጥብ ነው፤ የወጣታችን ሥራ ግን 24 ነጥብ አለው። ጓደኞቹ ዘዴውን ያሳዩታል፦ «በሦስት ቁረጠውና አንድ በአንድ አስላው። ቀኑ ካለቀብህም የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ኋላ መልሰው» ይሉታል።

ወጣቱ የሚያቀርበው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ዋጋው ከደመወዙ ብዙ እጥፍ ነው። ከደባርቅ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈልም ለአንድ ግለሰብ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሻጩ ከኪሱ የጎደለበት ሳንቲም የለም፤ ሥራውም የሚጠቅመው ድሃ ቤተሰቦችን ነው። ከሁሉ በላይ «እኔ ምን ሰበርኩ? 10 ነጥብ ፈቀዱልኝ፣ 10 ነጥብ አስገባሁ» ይላል። ፊደሉን ብቻ ለሚያይ ሰው እውነቱን ነው።

ይሁን እንጂ ክርክሩ አዲስ አይደለም። ቁርዓን በሰንበት ቀን ዓሣ እንዳያጠምዱ ስለተከለከሉት የባሕር ዳር ነዋሪዎች ይነግረናል። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከእነርሱ መካከል መረቡን ከሰንበት በፊት ዘርግተው ዓሣውን ከሰንበት በኋላ የሰበሰቡ ነበሩ። በፊደሉ በሰንበት አላጠመዱም! በዘካ ሕግም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካን በመፍራት የተጣመረው እንዳይነጣጠል፣ የተነጣጠለውም እንዳይጣመር ከልክለዋል። 40 በጎች በአንድነት የሚያሰማሩ ሁለት ሰዎች ዘካ ሰብሳቢው ሲመጣ 20 በ20 ቢካፈሉ በጎቹ ያው በጎች ናቸው፤ የተቆረጠው የባለ ሐቁ ድርሻ ነው። የ24 ነጥቡ መረብ በሦስት መቆረጥ ከዚህ በምን ይለያል? ቀኑን ወደ ኋላ መመለስማ ከዚህም ይብሳል፤ ዛሬን ትናንት ነው ብሎ መዋሸት ነውና።

ታዲያ ዘዴ ሁሉ ሐራም ነውን? አይደለም። ከኸይበር ጥሩ ተምር ያመጣው ሰው ሁለት ቁና መናኛ ተምር በአንድ ቁና ጥሩ እንደለወጠ ሲናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉትና መናኛውን በገንዘብ ሸጦ በገንዘቡ ጥሩውን እንዲገዛ አመለከቱት። ይህም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የማንንም ሐቅ አይነካም። ሚዛኑ እዚህ ላይ ነው። በቅየሳ ሙያም ሰፊ መረብን በሥርዓት ከፋፍሎ ማስላት በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ያለው ባለቤቱ የሰጠውን ፈቃድ ዓላማውን እያወቁ በመሸሽ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ይጠብቃል።

ጉዳቱም በባሕር ማዶ ብቻ አይቀርም። ወጣታችን በችኮላ ሲቆርጠው የመጀመሪያው ክፍል ውጤት ለሁለተኛው እንደ ጽኑ እውነት ይሰጣል፤ በውስጡ የቀረው ስህተትም ለቀጣዩ ይተላለፋል። ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገሩ የነበሩት ምስክር ልኬቶችም ከስሌቱ ይወጣሉ። ስፌቱ ያረፈው በአንዲት ባልቴት አጥር ላይ ቢሆንስ? እርሷ ስለ ነጥብ ገደብ የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታምነው ቀያሹን ነው።

የሐላሉ በር ደግሞ አልተዘጋም። ለሻጩ ችግሩን ገልጾ መጻፍና ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ባለቤቶቹ ማንም እንዲጠቀምበት ብለው በነፃ የለቀቁት፣ የነጥብ ገደብም ያላደረጉበት ግኑ ጋማ የተባለ የመረብ ማስተካከያ ፕሮግራም አለ። ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለኸይበሩ ሰውም ገበያ ወጥቶ ሸጦ መግዛት ጊዜ ይፈልግ ነበር። ሥራውን ቀድሞ በቆረጣ የጨረሰም ቢሆን ተውበቱ በምላስ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ሙሉውን መረብ እንደገና አስልቶ፣ የተለወጠ ነጥብ ካለ ላሠሩት ሰዎች ሊያሳውቅ ይገባል። ማሳወቁ ያሳፍራል፤ የሌላውን አጥር በተሳሳተ ቦታ ትቶ መሄድ ግን ከማፈር ይከፋል።

ወላጆችም ከዚህ የምንማረው አለ። ልጆቻችን የጎረቤትን ድንጋይ እንዳይነኩ እናስተምራለን፤ ማንም በማያየው ወሰን ላይ ስንደርስ የምናደርገውን ግን ከጎናችን ቆመው ያያሉ። በዓይን የማይታይ መስመር እየተላለፈ የሚኖር ሰው የሰመረውን መስመር ሌሎች እንዲያከብሩለት በምን አንደበት ይጠይቃል?

አላህ በሚታየውም በማይታየውም ወሰን ላይ የምንቆም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።