ቀድሞ የገባ ይቅደም ስለሚለው ደንብ

የሚከፈለው ነገር ከፈላጊዎቹ ቍጥር ያነሰ እንደ ሆነ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። ብርቱው ይቅደም ቢባል ግፍ ይሆናል፤ የተሻለው ይቅደም ቢባል የተሻለውን የሚመርጠው ሰው በሁሉ ላይ ጌታ ይሆናል፤ ዕጣ ይጣል ቢባል የደከመና ያልደከመ እኩል ይሆናሉ። የሚቀረው ቀድሞ የገባ ይቅደም ማለት ነው። ይህ ደንብ ቀላል ስለ ሆነ ጻድቅ ይመስላል። በእውነት ጻድቅ መሆኑን ለመመርመር ግን የአሜሪካ የጭነት መኪና ነጂዎች ታሪክ ብዙ ይረዳል።

ቲምስተርስ የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1903 ዓመት ሲቋቋም አባሎቹ ጭነት በፈረስ ጋሪ የሚያመላልሱ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም በዓርማው ላይ ሁለት የፈረስ ራሶች ይታያሉ። ማኅበሩ በተዋዋለበት ኩባንያ ለመግባት የሚሻ ሰው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን አዲስ የሚያወጣም ከ2022 ዓመት ወዲህ በመንግሥት መዝገብ በተጻፈ አስተማሪ ዘንድ መማር ግድ ሆኖበታል። ተቀጥሮ የሙከራው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስሙ በተራው መዝገብ ግርጌ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ የሚፈርድለትም የሚፈርድበትም ያ መዝገብ ነው። መልካሙን መንገድ፣ የቀኑን ሥራና የዕረፍቱን ሳምንት ከበላዩ ያሉት ይመርጣሉ፤ እርሱ የተረፈውን ይወስዳል። ሌሊት ይነዳል፤ በበዓል ቀን ሲጠሩት ይነሣል፤ ሥራ ሲቀንስም አስቀድሞ የሚሰናበተው እርሱ ነው።

ይህ ለወጣት መራራ ነው። ነገር ግን ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው መዝገቡን አይንቅም። ደጅ የሚጠና ሰው የጌታውን ፊት ሲያይ ይውላል፤ ጌታው ፈገግ ቢል ተስፋ ያደርጋል፤ ቢኰሳተር ዓመቱ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል፤ አማላጅ ያለውም ከኋላው መጥቶ ይቀድመዋል። መዝገቡ ግን ይህን ያስቀራል። አለቃው የአክስቱን ልጅ ቢወድ ወዶ ይቀራል እንጂ ከተራው ሊያስቀድመው አይችልም። ሌሊት የሚነዳው ወጣት የሚታገሠው ጊዜን ነው፤ ጊዜም ጉቦ አይቀበልም። ደንቡ ሰነፉን ከትጉሁ አይለይም ይባላል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሚዛኑን ማን እንደሚይዝ ሳያስብ ትጋት ይመዘን ለሚል ሰው ቶሎ አለመመለስ ይሻላል።

ከዚህ የሚከብድ ጕድለት አለ። መዝገቡ የሚቈጥረው ሰው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በሩን ማን ይጠብቅ እንደ ነበር አይጠይቅም። አገር አቋርጦ ጭነት የሚያመላልስ አንድ ኩባንያ በ1971 ዓመት ከከተማ ወደ ከተማ ረጅም መንገድ የሚነዱ 1,828 ሰዎች ነበሩት። ከእነዚህ ጥቁሮቹ 8፣ የእስፓኝ ስም ያላቸው 5 ብቻ ነበሩ፤ ስምንቱም የተቀጠሩት ክርክሩ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከቀሩት ወገኖቻቸው የሚበዙት ደመወዙ በሚያንሰው በከተማ ውስጥ ሥራና በመሰለው ተወስነው ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ደግሞ በውሉ ሁለት መዝገብ ነበራቸው፤ ከከተማው ሥራ ወደ ረጅሙ መንገድ የሚዛወር ሰው የቀድሞ ተራውን ትቶ ከግርጌ ይጀምራል። እንግዲህ ብዙ ዓመት በከተማ የነዳ ሰው ትናንት ከተቀጠረ ወጣት በታች ሊቆም ነው። ደንቡ ለሁሉ አንድ ስለ ሆነም ማንም እጁ የቆሸሸ አይመስለውም።

ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 ዓመት ተፈረደ። ዳኞቹ ኩባንያው ማድላቱን አረጋገጡ፤ መዝገቡን ግን አላፈረሱም። አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ከጸናበት ከ1965 ዓመት በኋላ የተበደለ ሰው ሊያገኝ የሚገባው ተራ ወደ ኋላ ይቈጠርለት አሉ። ተስፋ ቈርጦ ሥራውን ያልጠየቀ እንኳ፣ በሩ ባይዘጋበት ይጠይቅ እንደ ነበረ ካስረዳ ይቈጠርለታል። ከዚያ ዓመት በፊት የተበደለው ግን ምንም አላገኘም፤ ማርሻልና ብሬናን የተባሉት ሁለት ዳኞች በዚህ አልተስማሙም።

አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ የሚለውም ያደላው አለቃ ሳይሆን ሌሊቱን በትዕግሥት የነዳው ነጂ ነው። ስለዚህ መዝገቡ አይነካ የሚሉ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ነገር ግን አልመዘኑትም። የተሰረቀ በሬ ሳያውቅ ከገበያ የገዛ ገበሬ፣ ባለቤቱ በምስክር ባስረዳ ጊዜ በሬውን ይለቃል፤ ሌባ ሳይባል ይለቃል፤ ዋጋውንም ከሻጩ ይጠይቃል። የነጂው ቦታም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የበሬ ዋጋ መታወቁ ነው፤ በመኪና ውስጥ ያለፈ ሌሊት ስንት እንደሚያወጣ ግን የሚተምነው ማን ነው? የበላዮቹ ዳኞችም ይህን አልተመኑም፤ ከተበደሉት ለማን ስንት ዓመት እንደሚቈጠርና በመዝገቡ ያሉት ሰዎች ጉዳት እንዴት እንደሚታይ የታችኛው ዳኛ እያንዳንዱን መርምሮ እንዲወስን መልሰው ላኩት።